መሪው ከመገዛቱ በፊት

የዛሬው መነሻችን ከአሶሳ የደረሰን የአንድ አያት ጥያቄ ነው። ውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው ክረምት ላይ ስትመጣ ለ14 ዓመት የልጅ ልጃቸው የመኪና እሽቅድምድም መሪ ልታመጣለት አስባለች። ልጁ ፕሌይስቴሽን 4 አለው፤ የሚፈልገውን ዕቃም ለአክስቱ ጽፎ ልኳል። «ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ» ይላሉ አያቱ። «መጫወቻ ነው ወይስ ማሽን? ደግሞስ ልጁን ፍጥነት አያስለምደውም?»

አባታችን፣ መጀመሪያ ስለ ዕቃው እንነጋገር። ሙሉው ዕቃ መሪ፣ ፔዳልና ሁለቱን የሚሸከም መቀመጫ ነው። ከተራ መጫወቻ የሚለየው መሪው ውስጥ ያለው ሞተር ነው። በጨዋታው ውስጥ መኪናው ሲንሸራተት መሪው እጅ ላይ ይቀልላል፣ ኩርባ ላይ ይከብዳል፣ የመንገዱ ጠርዝ ሲነካ ይንቀጠቀጣል። ልጁ መኪናው ምን እያደረገ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። ሞተር የሌለው መሪ ርካሽ ነው፤ ግን ይህን ስለማይሰጥ ቶሎ ይሰለቻል።

ሞተሩ ኃይሉን ለመሪው የሚያደርሰው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በጥርስ ነው፤ የሎጊቴክ ጂ29 እንዲህ ያለ ነው። ትንሽ ይጮኻል፣ ጉልበቱም 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው እንደ ትረስትማስተር ቲ300 በቀበቶ የሚሠራው ሲሆን ድምፁ ለስለስ ይላል። ሦስተኛው መሪው በቀጥታ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ መነሻ ጉልበቱ 5 ኒውተን ሜትር ነው። ጠንካራ ሞተር ግጭት ላይ መሪውን ድንገት ሲያዞረው የልጅ አውራ ጣትና አንጓ ሊጎዳ ይችላል። ለጀማሪ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ መሄድ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ትልቁ ጥንቃቄ ግን ከዋጋው ይልቅ ከካርቶኑ ላይ ነው። ጂ29 ከፕሌይስቴሽንና ከኮምፒውተር ጋር ይሠራል። መልኩ የሚመስለው ጂ920 ደግሞ ለኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ነው፤ ፕሌይስቴሽን አይቀበለውም። ጂ923 የሚባለው በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ አንዱ ለፕሌይስቴሽን፣ ሌላው ለኤክስቦክስ። ልጅዎ ስሙን ብቻ ሳይሆን ካርቶኑ ላይ «ፕሌይስቴሽን» መባሉን ታንብብ። ባሕር ተሻግሮ፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አሶሳ የገባ ዕቃ ተመልሶ አይለወጥም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ፣ ከዘመድ ቤትም ቢሆን፣ ሰክታ ትሞክረው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ መብራት ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው። የመሪው ቻርጀር ላይ «100–240» የሚል ከሌለና 120 ብቻ ከተጻፈ፣ በሰኩት ቅጽበት ይቃጠላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚያው በክልላችሁ፣ ጉባ ወረዳ ቢገኝም፣ ቤት ውስጥ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያስከትለውን ጉዳት ስታቢላይዘር እንጂ ግድቡ አይከላከልልዎትም። መብረቅ ሲበዛም ሁሉንም ከሶኬት ማውጣት ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ኃይል ሲያገኝ መሪው ልኩን ለማስተካከል በራሱ ይዞራል። አይደንግጡ፤ ሕፃናት ግን በዚያ ሰዓት እጃቸውን አያስጠጉ።

ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። ግራን ቱሪስሞ 7 ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ክፍሉም ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። አሴቶ ኮርሳን ግን ልጁ ብቻውን ያለ ኢንተርኔት ሊጫወተው ይችላል። መረቡ ለሚቆራረጥበት ቤት በዲስክ የሚገዛ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይሻላል።

መቀመጫውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። መጀመሪያ የማይነቃነቅ ጠረጴዛና ጎማ የሌለው ወንበር ይበቃል፤ ፔዳሉ ፍሬን ሲረገጥ ወደ ፊት እንዳይሸሽ ግድግዳ ይደገፍ። ልጁ ከገፋበት፣ በያዥ ከቱቦላሬ ማሠራትና ከጋራዥ ያገለገለ የመኪና ወንበር መፈለግ ይቻላል። ክልላችሁ በሽመል የታወቀ ነውና በእሱ ላሠራ ቢሉ፣ ለጀርባ መደገፊያ መልካም ነው፤ መሪና ፍሬን የሚሸከመው ግን የማይተጣጠፍ ብረት ይሁን። ልጅ ያድጋልና ወንበሩ ወደ ኋላ የሚገፋባቸው ቀዳዳዎች ይበጁለት። ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት። የተረፈ ገንዘብ ካለ፣ ወደፊት የመርገጥን ኃይል የሚለካ የተሻለ ፍሬን ይገዛበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። ጃን ማርደንቦሮ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2011 በግራን ቱሪስሞ ተጫዋቾች ውድድር አሸንፎ እውነተኛ ተወዳዳሪ ሆኗል፤ በ2013 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከጓደኞቹ ጋር በምድቡ ሦስተኛ ወጥቷል። ልጆች ታሪኩን ከፊልሙ ያውቁታል። በ2015 ኑርበርግሪንግ ላይ መኪናው አጥር ተሻግሮ አንድ ተመልካች መሞቱንም አብረው ይወቁ። በስክሪን ላይ መኪና ሲገለበጥ አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደገና ይጀመራል፤ ከባጃጅና ከእግረኛ ጋር በሚጋሩት የአሶሳ መንገድ ላይ ግን ያ ቁልፍ የለም።

መሪው ከኩርባ በፊት ፍሬን መያዝን፣ ዓይንን ሩቅ መጣልን፣ መሪን በዝግታ መመለስን በእርግጥ ያስተምራል። ፍርሃትን ግን አያስተምርም። ያንን የሚጨምሩት እርስዎ ነዎት። መንጃ ፈቃድ 18 ዓመት እንደሚጠይቅና እስከዚያ የማንም መኪና ቁልፍ እንደማይነካ ዕቃው ሳይመጣ ተነጋገሩ። ትምህርትና እንቅልፍ ሳይነካ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫወትም ወስኑ። ከመጣ በኋላ እርስዎም አንድ ዙር ይንዱ። ልጁ ሊያስተምርዎ ሲሞክር ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ያኔ ይታይዎታል።

ለልጅዎ የሚልኩት መልእክት እንግዲህ አጭር ነው፦ ለፕሌይስቴሽን የሚሆን፣ ሞተር ያለው፣ «100–240» የተጻፈበት፣ ፔዳሉ አብሮት ያለ። የቀረው አሶሳ ይሠራል።