የስሌት ችግሮችን የመፍታት ክህሎት በከፍተኛ ትምህርት፦ ከቀመር ሽምደዳ ወደ መረዳት

በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በስፋት የተሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ መውጫ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ፣ ፈተናውን ከወሰዱት 150 ሺህ 184 ተፈታኞች መካከል ማለፊያ የሆነውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 61 ሺህ 54 ወይም 40 ነጥብ 65 በመቶ መሆናቸው ተገልጾ ነበር። ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ነጥብ 37 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ በግል ተቋማት ግን ያለፉት 17 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ውጤቱ በትምህርት ጥራት ላይ ሰፊ ውይይት አስነስቷል። ይሁንና አኃዙ ራሱ አንድ ቀላል የስሌት ጥያቄ በውስጡ ይዟል። የሁለቱን ተቋማት ውጤት ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው 39 ነጥብ 79 በመቶ ገደማ ያገኛል፤ የተገለጸው አገራዊ ውጤት ግን 40 ነጥብ 65 ነው። ልዩነቱ የመጣው የሁለቱ ዘርፎች ተፈታኞች ቁጥር እኩል ባለመሆኑ ነው። የመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 77 ሺህ 981፣ የግሎቹ ደግሞ 72 ሺህ 203 ስለነበሩ እያንዳንዱ ውጤት በተፈታኞቹ ብዛት ልክ መመዘን ይኖርበታል። ከዚህ ጥያቄ መደመርና ማካፈል የሚያቅተው ተመራቂ አይኖርም። ሊያቅተው የሚችለው መቼ መደመርና ማካፈል እንደማይበቃ መለየት ነው።

በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ፣ የተፈጥሮ ሳይንስና የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርቶች የሚቀርቡ የስሌት ችግሮች አፈታት ዋነኛ ጉድለትም በዚሁ ላይ ያተኩራል። ተማሪው ቀመሩን ያውቀዋል፤ ቁጥሩንም በቀመሩ ውስጥ ይተካል፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ምን እንደሚጠይቅና የተገኘው መልስ ትርጉም ይኑረው አይኑረው ሳያጤን ያልፋል። ተመራቂው ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ ጉድለቱ አብሮት ይገባና በጨረታ ግምገማ፣ በበጀት ዝግጅትና በአፈጻጸም ሪፖርት ላይ ይንጸባረቃል።

በንግድ ሥራ ትምህርት

በአገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ከተደነገገ ጀምሮ ምጣኔው 15 በመቶ ሲሆን፣ የቀድሞውን በተካው አዋጅ ቁጥር 1341/2016ም ይኸው ምጣኔ ቀጥሏል። አንድ አቅራቢ ታክስን ጨምሮ 115 ሺህ ብር ዋጋ አቀረበ እንበል። በውስጡ ያለው ታክስ ስንት ነው? ብዙዎች የ115 ሺህ ብር 15 በመቶ ወስደው 17 ሺህ 250 ብር ይላሉ። ታክሱ የሚሰላው ግን ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። 115 ሺህ ለ1 ነጥብ 15 ሲካፈል 100 ሺህ ስለሚሆን ትክክለኛው ታክስ 15 ሺህ ብር ነው። በአንድ ግዥ ላይ የ2 ሺህ 250 ብር ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በበጀት ዓመቱ በሚፈጸሙ ግዥዎች ሁሉ ሲደጋገም ግን የሒሳብ መዛግብትን የሚያዛባ መጠን ይደርሳል።

ሁለተኛው ምሳሌ የመንግሥት ሠራተኛውን በቀጥታ ይመለከታል። አንድ ሠራተኛ 120 ሺህ ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ12 ወራት ይከፍላል እንበል። ወለዱ በመጀመሪያው የብድር መጠን ላይ ከተሰላ 18 ሺህ ብር ይሆናል። ተበዳሪው በየወሩ 10 ሺህ ብር ከዋናው እየመለሰ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከተሰላ ግን፣ በወር አንድ ነጥብ 25 በመቶ ሒሳብ ጠቅላላ ወለዱ 9 ሺህ 750 ብር ነው። በሁለቱም ውሎች ላይ የተጻፈው «15 በመቶ» ነው፤ የሚከፈለው ወለድ ግን በአንደኛው ከሌላኛው በእጥፍ ሊቃረብ ምንም አልቀረውም። «15 በመቶ የምን?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ተማሪ ነገ ውል ከመፈረሙ በፊትም ይህንኑ ይጠይቃል።

በሪፖርቶች ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ሌላው ስህተት በመቶኛንና የመቶኛ ነጥብን ማምታታት ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች ድርሻ በ2016 ዓ.ም. 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ ነበር። ድርሻው «በ3 በመቶ አደገ» የሚለው አገላለጽ የተሳሳተ ነው። ያደገው በ3 የመቶኛ ነጥብ ሲሆን፣ ከነበረበት አንጻር ዕድገቱ ወደ 56 በመቶ ይጠጋል። ሁለቱ አገላለጾች በአንባቢው ዘንድ የሚፈጥሩት ግንዛቤ በእጅጉ ስለሚለያይ፣ የትኛው እንደተባለ ያልለየ ኃላፊ ውሳኔውን በተዛባ መረጃ ላይ ይመሠርታል።

በሳይንስ ትምህርት

በፊዚክስና በኬሚስትሪ ትምህርቶች በብዛት ከሚታዩት ስህተቶች አንዱ የመለኪያ አሃድን መዘንጋት ነው። መልሱን «25» ብሎ ጽፎ ሜትር ይሁን ሴንቲ ሜትር የማይጠቅስ ተማሪ ጥቂት ነጥብ ይቀነስበትና ያልፋል። በሥራው ዓለም ግን ዋጋው ከዚህ ይከፋል።

እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ የአንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ነዳጅ በአየር ላይ አልቆ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፍተዋል። በረራው የሚያስፈልገው 22 ሺህ 300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ሲሆን፣ በታንከሮቹ ውስጥ የነበረው 7 ሺህ 682 ሊትር ነው። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ ሠራተኞቹ የተጠቀሙበት 1 ነጥብ 77 የሚል ቁጥር ግን የአንድ ሊትር ነዳጅን ክብደት በፓውንድ የሚገልጽ ነበር፤ በኪሎ ግራም ሲሆን 0 ነጥብ 8 ገደማ ነው። በዚህም ምክንያት 20 ሺህ ሊትር ያህል መጨመር ሲገባ 5 ሺህ ሊትር የማይሞላ ብቻ ተጨምሮ፣ አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ነዳጅ ይዞ ተነሳ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ያለ ሞተር አንሳፍፈው ጊምሊ በተባለ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ በማሳረፋቸው በውስጡ የነበሩት ሁሉ ተርፈዋል።

ሠራተኞቹ ማባዛታቸውም ሆነ ማካፈላቸው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ቁጥሩ የሚወክለው ነገር ነው። ከቁጥሩ ጎን የመለኪያ አሃዱን እየጻፉ እስከ መጨረሻው መዝለቅ በማንኛውም የሳይንስ ክፍል ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊተገበር የሚችል ልማድ ሲሆን፣ እንዲህ ያለውን ስህተት በወረቀቱ ላይ ያጋልጣል።

በፕሮግራም ትምህርት

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ማስጀመሯ ይታወሳል። ሥልጠናው በፕሮግራም አጻጻፍ፣ በመረጃ ሳይንስ፣ በአንድሮይድ መተግበሪያና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ዕውቀት ላይ ያተኮረ ነው። የፕሮግራም ቋንቋ ሰዋስውን ማወቅ ግን በራሱ ችግር መፍታት አይደለም።

ኮምፒዩተር የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ የታሰበውን አይገምትም። ሲና ጃቫን በመሳሰሉ ቋንቋዎች ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲካፈሉ ውጤቱም ሙሉ ቁጥር ስለሚሆን 7 ለ2 ሲካፈል መልሱ 3 ነው፤ ግማሿ ያለ ማስጠንቀቂያ ትጠፋለች። በሌላ በኩል በተለመደው የአስርዮሽ ቁጥር አያያዝ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ኮምፒዩተሩ በትክክል 0.3 አያገኝም፤ ከዚያ በጣም በጥቂቱ ይበልጣል። ምክንያቱም 0.1 በኮምፒዩተሩ የሁለትዮሽ አቆጣጠር ያለቀለት አጻጻፍ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ብዙ ደመወዝ ወይም የባንክ ሒሳብ የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ገንዘቡን በሳንቲም በሙሉ ቁጥር፣ አለበለዚያም ለገንዘብ በተዘጋጀ የቁጥር ዓይነት መያዝ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓው አሪያን 5 ሮኬት በመጀመሪያ በረራው ከተነሳ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የወደመው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ከአሪያን 4 የተወሰደው ፕሮግራም አንድን ትልቅ ቁጥር ከ32 ሺህ 767 በላይ በማይዝ ቦታ ለማስገባት ሞክሮ ወደቀ። ፕሮግራሙ ለቀድሞው ሮኬት በትክክል ይሠራ ነበር፤ ለአዲሱ፣ ይበልጥ ፈጣን ለሆነው ሮኬት ግን ቅድመ ሁኔታው እንደገና አልተመረመረም።

በአገራችንም ከውጭ የመጣ ፕሮግራምን እንዳለ መጠቀም ተመሳሳይ አደጋ አለው። ዓመቱን 12 ወር ብቻ አድርጎ የተሠራ ሥርዓት ጳጉሜንን የሚያስተናግድበት ቦታ የለውም። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን በመሆኗ፣ በቀን የሚታሰብ ወለድ፣ ቅጣት ወይም የአገልግሎት ዘመን ሲሰላ እነዚህ ቀናት መዘንጋት የለባቸውም።

መንስኤውና መፍትሔው

ችግሩ ከኮሌጅ በር የሚጀምር አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3 ነጥብ 3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3 ነጥብ 2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከታች የሚመጣውን የዕውቀት ክፍተት ያመለክታል። ለዚህም የአቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) መርሐ ግብር ተግባራዊ መደረጉ፣ ከዚያ ቀደም ብሎም በ2012 ዓ.ም. በተመለሰው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ውስጥ ሒሳብና ጥልቅ አስተሳሰብ መካተታቸው ይታወቃል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ መደረጉም የስሌት ትምህርት የሚወስደውን ተማሪ ቁጥር በእጅጉ አሳድጎታል። የቁጥሩ ዕድገት ግን ከአፈታት ክህሎት ዕድገት ጋር ካልተጣጣመ የታለመው የሰው ኃይል አይገኝም።

የቋንቋ ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በዓረፍተ ነገር የቀረበ የስሌት ጥያቄ በቅድሚያ የንባብ ፈተና ነው። «ከእጥፉ በአምስት ያነሰ» የሚለውን በእናት ቋንቋው በቀላሉ የሚረዳ ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲቀርብለት ቅደም ተከተሉን ሊያዛባው ይችላል። ከዚህም ባሻገር አብዛኛው ፈተና በምርጫ መልክ ስለሚቀርብ መምህሩ መልሱን እንጂ የተማሪውን አካሄድ አያይም።

የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ሥራው የችግር አፈታትን በአራት ደረጃዎች ከፍሎት ነበር፤ ጥያቄውን መረዳት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ዕቅዱን መፈጸም፣ በመጨረሻም ወደኋላ ተመልሶ ውጤቱን መመርመር። በአብዛኞቹ ክፍሎች ጊዜ የሚሰጠው ለሦስተኛው ነው። ከላይ የተጠቀሱት ስህተቶች ግን የተፈጠሩት በመጀመሪያው ወይም በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው። የታክሱ ስህተት ጥያቄውን ካለመረዳት የመጣ ሲሆን፣ 15 ሺህ ሲደመር 100 ሺህ 115 ሺህ እንደሚሆን፣ 17 ሺህ 250 ሲቀነስ ግን ቀሪው 97 ሺህ 750 ሆኖ የእሱ 15 በመቶ ከ17 ሺህ 250 እንደሚያንስ በማጣራት ወዲያው ይታረም ነበር።

ከዚህ አኳያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሊወስዷቸው የሚገቡ፣ ትልቅ በጀት የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። በምዘና ውስጥ ለአካሄድና ለማጣራት የተለየ ነጥብ መስጠት፣ ተማሪው ስሌት ከመጀመሩ በፊት የመልሱን ግምት እንዲጽፍ ማድረግ፣ ጥያቄውን በራሱ ቋንቋ እንዲያብራራ መፍቀድ፣ የሒሳብ መምህራንም ከንግድ ሥራ፣ ከሳይንስና ከኮምፒዩተር ክፍሎች ጋር ሆነው ምሳሌዎችን ከአገሪቱ ተጨባጭ ሁኔታ እንዲያዘጋጁ ማድረግ ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ተመራቂዎችን ሲቀጥሩ የዲግሪውን ስም ብቻ ሳይሆን አንድን የተለመደ የሥራ ስሌት ፈትቶ የማስረዳት ችሎታን ቢመዝኑ፣ ተቋማቱ ለዚህ ክህሎት ትኩረት እንዲሰጡ ያበረታታል። በየደረጃው ያለ ኃላፊም ሪፖርት ሲቀርብለት «ይህ መቶኛ የምን ነው? መለኪያው ምንድን ነው? በምንስ ተጣርቷል?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢያዳብር የሥራ ባልደረቦቹን ያስተምራል፤ የሕዝብን ገንዘብም ከብክነት ይጠብቃል።

በአጠቃላይ የስሌት ችግርን የመፍታት ክህሎት ለሒሳብ ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም። የአውሮፕላኑ ተሳፋሪዎች የተረፉት በአብራሪዎቹ ብቃት ነበር፤ ዕለት ተዕለት በየቢሮው የሚፈጸም የስሌት ስህተት ግን ሁልጊዜ የሚያድነው አያገኝም። በመሆኑም ስህተቱ ወረቀት ላይ ሳለ በክፍል ውስጥ እንዲታረም ማድረግ የመምህራን፣ የተቋማትና የቀጣሪዎች የጋራ ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።