ያልተነገረ ሕመም መድኃኒት አይታዘዝለትም
ለቤተሰብ ኃላፊዎችና ለቀበሌ አመራሮች የቀረበ ማሳሰቢያ

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ የሚሰጣቸው መልስ ብዙ ጊዜ ሙሉ እውነት አይሆንም። የታመመ ሰው ጓዳ ይገባል፤ እቤቷ የወለደች እናት ጤና ጣቢያ እንደወለደች ትናገራለች፤ የሞተ ጨቅላ ሳይቆጠር ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ምክር ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን። ሕመሙን የደበቀ ቀበሌም መድኃኒት አያገኝም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በገጠር አንድ ጤና ኬላ እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ተደርጎ ተደራጅቷል። ባለሙያዎቹ ለየቤቱ የቤተሰብ ማህደር ከፍተው ነፍሰ ጡሯን፣ ሕፃኑን፣ ሕመምተኛውን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር ይመዘግባሉ። ከማህደሩ የወጣው መረጃ በጤና ጣቢያው በኩል ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይደርስና ለዕቅድ ይውላል።

ይህን መዝገብ የሚተካ ሌላ የቅርብ መረጃ የለም። የመጨረሻው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ደግሞ በ2000 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ የየወረዳው ሕዝብ ብዛት፣ በዓመቱ ይጠበቃሉ የሚባሉት ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ቁጥርም ጭምር፣ የሚሰላው በግምት ነው። ግምቱን የሚያርመው በየደጃፉ የሚነገረው እውነት ብቻ ነው።

ትራኮማን እንውሰድ። በሽታው በአገራችን የብዙዎችን ዓይን ያጠፋ ነው። መርማሪዎች በወረዳው ውስጥ በዕጣ ወደተመረጡ መንደሮች ሄደው ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናትን የዓይን ቆብ ገልብጠው ያያሉ። ከተመረመሩት ከመቶ 5 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት የበሽታው ምልክት ከተገኘባቸው አዚትሮማይሲን ለወረዳው ነዋሪ በሙሉ ይታደላል። ከዚያ በታች ከሆነ እደላው አይኖርም። እንግዲህ «ሰው ምን ይለኛል» ብላ ዓይኑ የሚያዥ ልጇን የደበቀች እናት መድኃኒቱን ያስቀረችው ለልጇ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤቷም ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ሞትም እንዲሁ ነው። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ሕፃኑ በዝምታ ተቀብሮ ሳይነገር ሲቀር በቀበሌው መዝገብ ሞት የሌለ ይመስላል። ሞት የሌለበት ቀበሌ ደግሞ አምቡላንስ ለምን እንደዘገየበት፣ አዋላጅ ነርስ ለምን እንዳነሰው የሚጠይቅለት አያገኝም።

ስለዚህ የሚከተለውን አጥብቀን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው፣ የአእምሮ ሕመምተኛ፣ ከወሊድ በኋላ ሽንት የማትቋጥር እናት በቤታችሁ ካሉ አትደብቁ። የሳንባ ነቀርሳ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይታከማል።

ሁለተኛ፣ አባወራው ለሁሉም አይመልስ። ነፍሰ ጡሯም፣ አረጋዊቷም፣ የቤት ሠራተኛዋም ስለራሳቸው ይናገሩ። ጎረቤት ፊት መናገር የሚከብድ ነገር ካለ ባለሙያዋን ለብቻዋ አነጋግሩ፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት።

ሦስተኛ፣ እርዳታ ይመጣል ብላችሁ የሌለ ሰው አታስመዝግቡ፤ የሌለ ሕመምም አትጨምሩ። የተጋነነው ቁጥር ለእናንተ ሲያደላ ለሌላው መንደር ያጎድላል።

አራተኛ፣ የማታውቁት ሰው «የጤና መረጃ እሰበስባለሁ» ብሎ ቢመጣ መታወቂያውን ጠይቁ፤ ከጤና ኬላው ወይም ከቀበሌው አረጋግጡ። ለምዝገባ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትመኑ።

አምስተኛ፣ የቀበሌና የወረዳ አመራሮች፣ ቅጽ ቢሮ ተቀምጦ እንዲሞላ አትፍቀዱ። ለጉብኝት ተብሎ የተቆፈረ፣ ማንም የማይገባበት መጸዳጃ ቤት ያለውን ሰው «ሞዴል ቤተሰብ» ብላችሁ አታስመርቁ። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣች ባለሙያንም አታሸማቅቁ፤ እውነቱን ስለጻፈች የተወቀሰች ባለሙያ በሚቀጥለው ጊዜ የምትጽፈው እናንተን ደስ የሚያሰኘውን ነው። ሕዝቡም ለሰጠው መልስ ምላሽ ይፈልጋል፤ የተመዘገበው ምን ላይ እንደዋለ በየጊዜው በስብሰባ ንገሩት። ተጠይቆ ተጠይቆ ምንም ያላየ ሰው እውነቱን መናገር ያቆማል።

ወገኖቻችን፣ ባለሙያዋ ደጃችሁ ስትደርስ በር ክፈቱላት፤ የታመመውንም የሞተውንም ሳትሸሽጉ ንገሯት። እናንተ ላልነገራችሁት ችግር ማንም ሊያቅድለት አይችልም።