የግሸን ተራራ ምን ያረጋግጣል?

መስከረም 21 ሲቃረብ ከሰማይ የተነሳው የግሸን ደብረ ከርቤ ፎቶ ቴሌግራሙንም ፌስቡኩንም ያጥለቀልቀዋል። ከሥሩ ያው የዓመት ክርክር ይከተላል። አንዱ «ተራራው ራሱ መስቀል ነው፤ ፈጣሪ ለመኖሩ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» ይላል። ሌላው «በየአገሩ አለ የሚባለው የመስቀሉ ስባሪ ቢሰበሰብ የመርከብ ጭነት ይሆናል፤ ስለዚህ አምላክ የለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ይተኛሉ።

የተራራው ነገር ይቅደም። የወሎ አምባዎች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዓለት ተነባብሮ የሠራቸው፣ ኋላም ወንዝና ጎርፍ እየሸረሸረ የቀረጻቸው ናቸው። አምባሰል አካባቢ ብቻ ስንት አምባ አለ! አንዱ ክብ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ምንም የማይመስል። የእነሱን ፎቶ ማንም አይለጥፍም። ከብዙ መካከል የተመቸውን አንዱን መዝዞ «ይኸው ማስረጃ» ማለት፣ ግድግዳ ላይ ተኩሶ ጥይቱ ባረፈበት ዙሪያ ዒላማ እንደ መሳል ነው።

ደግሞ ትውፊቱ ራሱ እንዲህ አይከራከርም። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩ በሕልም ታዘዙ፤ አገር ለአገር ሲፈልጉ ቆይተው ግሸንን አገኙ፤ ትውፊቱ የሚለው ይህን ነው። ንጉሡ አስቀድመው አምነዋል፤ ቅርጹን የፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። ተፈልጎ የተመረጠውን ቦታ ለማያምን ሰው ማሳመኛ ያደረገው የዛሬው ለጣፊ ነው።

የመርከቡ ቀልድስ? ባለቤቱ ጆን ካልቪን ነው፤ በ1543 እ.ኤ.አ. የጻፈው። ካልቪን ደግሞ በእግዚአብሔር መኖር ለአፍታ ያልተጠራጠረ የሃይማኖት መምህር ነበር! ቀልዱ በስሌትም አልጸናም። በ1870 ሮሆ ደ ፍለሪ የተባለ ፈረንሳዊ የሚታወቁትን ስባሪዎች መጠን ደምሮ አንድ ሙሉ መስቀል እንኳ እንደማይሞሉ አሳየ። ግን እሱም ቢሆን እንጨቱ እውነተኛ መሆኑን አላረጋገጠም። እንጨቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሚመሰክረው ስለ አንድ ስቅላት ነው። ሐሰተኛ ቢሆንም የሚወድቀው ስለ እንጨቱ የተነገረው ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሎጂክ ኮርስ የወሰደው ወጣት ደግሞ የተፋልሶዎቹን ስም እንደ ድንጋይ ይወረውራል። «ክርክርህ ተፋልሶ አለበት፤ ስለዚህ አምላክህ የለም» ማለትም ራሱ ተፋልሶ ነው። በመጥፎ ክርክር የተደገፈ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል።

ወደ ግሸን በእግር የሚወጡት እናት ማስረጃ ፍለጋ አይደለም የሚወጡት፤ ስለት አለባቸው። ጣጣው ያለው ፎቶውን እያየ ባደገው ልጅ ላይ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ስለ መሸርሸር ያስተማሩት ቀን ተራራው ብቻ ሳይሆን ሰማዩም የተናደ ይመስለዋል። ማታ ስልኩን ከፍቶ «ታዲያ ቅርጹን የሠራው ጎርፍ ከሆነስ?» ብሎ ከፎቶው ሥር ይጽፋል። ከአንዱ ወገን «መናፍቅ»፣ ከሌላው «አሁን ገና ነቃህ እንዴ?» የሚል መልስ ይመጣለታል።