የጠፋ ሰው ማስታወቂያ የፊልም ፖስተር አይደለም

ባለፈው ሰሞን እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ሐበሻ በሚበዛበት አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ የጠፋ ወጣት ፎቶ ተለጥፎ ነበር። አብሮን ይሄድ የነበረ ተማሪያችን ቆም ብሎ አየውና “ቲቸር፣ ይሄ የምን ፊልም ነው?” አለን። እኛ አስተማሪዎቹ መልስ አጣን።

በልጁ አልፈረድንም። አስፈሪ ፊልም የሚሸጡ ሰዎች የራሳቸው የታወቀ ዘዴ አላቸው። ፖስተሩ ይጠቁራል፣ ፊደሉ ደም የሚንጠባጠብ ይመስላል፣ ገርበብ ያለ በር ወይም ፊቷን ፀጉር የሸፈናት ልጅ ትታያለች። ጭራቁን ግን አያሳዩም፤ ያላዩት ነገር ይበልጥ ያስፈራላ! በስልክ የሚመጣው አጭር ማስታወቂያም መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት ይጮሃል። “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” የምትለዋም ቃል አትቀርም።

ድሮ አዲስ አበባ ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን “የሰይጣን ቤት” ይለው እንደነበር ይታወቃል። ያኔ ይህ ስም ሰውን ያርቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው የሚጠራው በዚሁ ነው።

ከሁሉም ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የወጣው “ብሌር ዊች ፕሮጀክት” የተባለው ፊልም ነው። ሦስቱ ወጣት ተዋንያን እውነት ጫካ ገብተው የቀሩ ተደርጎ ተወራ፤ “ጠፍተዋል” የሚል ፎቷቸው ያለበት ወረቀት ታደለ። ልጅቷ በሕይወት እያለች ለእናቷ የሐዘን ካርድ ይላክ ነበር። በትንሽ ገንዘብ የተሠራው ፊልም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አስገባ። ሌሎችም መንገዱን ተከተሉ።

ለሌላው ይሄ ጨዋታ ነው። ለእኛስ? እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ኦቦክ አካባቢ ጎዶሪያ ላይ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በዚህ ባሕር መንገድ የሄደ ልጇን ቁርጥ ሳታውቅ የምትኖር እናት በየሰፈራችን አለች። ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ለጠፉ ሰዎች የፎቶ ፍለጋ ያካሂዳል። ፎቶው ላይ የሚታየው ታዲያ የጠፋው ሳይሆን የሚፈልገው ዘመድ ነው። ይህን ፊት ልጆቻችን “ፊልም ነው” ብለው ቢያልፉት ጉዳቱ የማን ነው?

ፊልም ይከልከል አንልም። ፈርቶ መሳቅም መዝናኛ ነው። ነገር ግን ፊልም የምታሳዩ ሻይ ቤቶች ፖስተራችሁን ከሰው ፍለጋ ወረቀት አጠገብ ባትለጥፉ መልካም ነው። በካምፕ ያላችሁ ወላጆችና መምህራንም ልዩነቱን ለልጆች አሳዩ። የእውነተኛው ወረቀት ስም ከነአባት አለው፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና የፈላጊው ስልክ አለው፣ ትኬትም አይሸጥም።

እኛም ከተማሪያችን ጋር ተመልሰን ወረቀቱን እስከ ስልክ ቁጥሩ ድረስ ጮክ ብለን አነበብነው። ልጁ ሲጨርስ “ቲቸር፣ እስካሁን አልተገኘም?” አለ። ጥያቄው እንዲህ መሆን አለበት እንላለን።