ስለ ህንድ ጎረቤቶቿን ጠይቁ

ህንድ ሲባል ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚመጣብን ፊልሙ ነው። አያቶቻችንን ከጠየቃችሁ ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ያስተማሯቸውን ህንዳውያን መምህራን ያነሱላችኋል። አሁን አሁን ሌላ ህንድ እያየን ነው። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጨረቃ ላይ መንኮራኩር ያሳረፈች፣ በዚያው ዓመት የቡድን 20ን ጉባኤ ኒው ዴልሂ ላይ አስተናግዳ የአፍሪካ ኅብረት በቋሚ አባልነት እንዲገባ ያደረገች ህንድ። «ምዕራቡም ቻይናም ከሰለቸን ህንድ አለችልን» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይሁን። እኛ ግን የአንድን ትልቅ አገር ጠባይ ለማወቅ ከሩቅ ወዳጁ ይልቅ አጥር የሚጋራውን መጠየቅ ይሻላል ባዮች ነን።

ከኔፓል እንጀምር። በሚያዝያ 2015 የመሬት መንቀጥቀጥ 9 ሺህ ገደማ ሰው ገደለባት። በመስከረም አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀች። በደቡብ ሜዳ የሚኖሩትና ከድንበሩ ማዶ ዘመድ ያላቸው ማዴሺዎች «መብታችን ተነካ» ብለው አመጹ፤ ዴልሂም ቅር መሰኘቷን አልደበቀችም። ብዙም ሳይቆይ ነዳጅና መድኃኒት የጫኑት መኪኖች ድንበር ላይ ቆሙ። ህንድ «እኔ አልዘጋሁም፣ አመጹ ነው የዘጋው» አለች። ኔፓላውያን አላመኑም። እስከ የካቲት 2016 ድረስ፣ ያውም ከመንቀጥቀጡ ሳያገግሙ፣ ጋዝ ጠፍቶ በከተማው ሳይቀር በእንጨት ተበሰለ። እኛ ወደብ የሌለን ሰዎች ይህን ስናነብ ሆዳችን ባር ባር ይላል። የጅቡቲ መንገድ አንድ ወር ቢዘጋ ብላችሁ አስቡት!

ታዲያ ህንድ ምን አተረፈች? ኔፓል ሕገ መንግሥቱን በጥቂቱ አሻሻለች። ግን በመጋቢት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኬ ፒ ኦሊ ቤጂንግ ሄደው በቻይና በኩል ዕቃ ለማስገባት የሚያስችል የትራንዚት ስምምነት ተፈራረሙ። በሂማላያ ተራራ በኩል ዕቃ ማመላለስ ቀላል እንዳልሆነ ኦሊም ያውቃሉ። ቢሆንም ህንድን የተጋፈጠ ሰው ተብለው በ2017ቱ ምርጫ ጥምረታቸው አሸነፈ።

ባንግላዴሽ ላይ ስህተቱ ሌላ ነው፦ ዴልሂ ወዳጅነቱን ከአገሩ ጋር ሳይሆን ከሼክ ሃሲና ጋር አደረገችው። ተማሪዎቹ በነሐሴ 2024 ሲያባርሯቸው የሸሹት ወዴት ነው? ወደ ህንድ። የዳካ ወጣት ለህንድ ያለውን ስሜት ከዚህ መገመት አይከብድም።

እውነቱን ለመናገር ህንድ ስትታገስ ደግሞ ያምርባታል። ስሪላንካ በ2022 ኢኮኖሚዋ ሲንኮታኮት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በብድርና በነዳጅ የደረሰችላት እሷ ናት። ማልዲቭስ ላይ ፕሬዚዳንት ሙኢዙ «የህንድ ወታደር ይውጣ» ብለው በ2023 ተመረጡ። ወታደሮቹ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ህንድ ግንቦት 2024 ላይ አስወጥታ በሲቪል ባለሙያዎች ተካቻቸው፤ ድንበር አልዘጋችም፣ መርከብ አላስቆመችም። በጥቅምት እኚሁ ሙኢዙ ዴልሂ ሄደው የ400 ሚሊዮን ዶላር የምንዛሪ ድጋፍ ይዘው ተመለሱ።

«ህንድ እኮ በፓኪስታንና በቻይና መሃል ነው የምትኖረው» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፤ በ2020 ጋልዋን ሸለቆ ላይ ከቻይና ጋር ተጋጭታ 20 ወታደር አጥታለች። ግን ኔፓል ቻይና አይደለችም። ደግሞም ኔፓልን ወደ ቻይና የገፋት ማን ሆነና?

ይህን የጻፍነው ህንድ ላይ ጣት ለመቀሰር ብቻ አይደለም። እኛ ወደብ በማጣት ኔፓልን፣ በሕዝብ ብዛት ደግሞ ለጎረቤቶቻችን ህንድን እንመስላለን። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነን፤ ጅቡቲ አንድ ሚሊዮን ገደማ ናት። በጥር 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስንፈራረም ብዙዎቻችን ፌስቡክ ላይ ጨፈርን። ሞቃዲሾ ምን ትላለች ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር። በነሐሴ ከግብፅ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ፈረመች።