ሌሊታችንን ማን ሰረቀው?

ሰሞኑን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሻይ እየጠጣን የጀመርነው ክርክር እስካሁን ከሕሊናዬ አልወጣም። ባልደረባዬ በዚያ ጠዋት ዐይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። «ምን ሆነሃል?» ብለው «እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጌም ስጫወት ቆየሁ» አለኝ። «ታዲያ ለምን አትተወውም?» ስለው የሰጠኝ መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «ሱስ እኮ በሽታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሳይቀር መዝግቦታል። ደግሞም ጌሙን የሠሩት ሰዎች እንዳትተወው አድርገው ነው የሠሩት። እኔ ምን ላድርግ?»

እኔ ምን ላድርግ! ይህችን አነጋገር ከዚህ በኋላ በዝምታ ላላልፋት ወስኛለሁ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዳልባል ግን የራሴን ድስት አስቀድሜ ልክፈተው።

የምኖረው በደቡብ ጎንደር፣ በስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ነው። ቀን በባንክ መስኮት ገንዘብ እከፍላለሁ፤ ማታ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ በዘለቀ ጊዜ፣ እኛም ዘንድ እንቅልፍ ከብዙ ቤት ሸሽቶ ነበር። እኔም በእነዚያ ሌሊቶች ለፍርሃቴ ማስታገሻ የሚሆን ነገር ስልኬ ውስጥ አገኘሁ። የተኩስ ጌም ነበር። እውነተኛውን ተኩስ ላለማሰብ የሐሰቱን ተኩስ በጆሮዬ ሰክቼ አነጋ ነበር። በዚህ አላፍርም፤ የፈራ ሰው መጠለያ ይፈልጋል። የማፍረው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ጦርነቱ ከጋይንት ራቀ፤ እኔ ግን ከጌሙ አልራቅሁም። ፍርሃቱ ሲሄድ ልማዱ ቀረ፤ ለልማዱም በየሌሊቱ አዲስ ሰበብ አገኝለት ነበር። አንድ ቀን ድካም ነው፣ አንድ ቀን የኑሮ ውድነት ነው፣ አንድ ቀን ደግሞ «አንድ ዙር ብቻ» ነው። የግጥም ደብተሬ ከራስጌዬ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ አልጋ ሥር ወረደ።

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ሌሊቱን እስከ አሥር ሰዓት ተጫውቼ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቴ ከፈትሁ። ከባለጉዳዮቹ መካከል ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸውን 15,000 ብር ሊወስዱ ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ በጣታቸው አሻራ ፈረሙ። እኔም ባለ 200 ብሩን ኖት ቆጥሬ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ማታ ሒሳብ ስዘጋ በእጄ 1,000 ብር ትርፍ ተገኘ።

ባንክ ቤት ላልሠራችሁ አንባቢያን ላስረዳ። ጉድለት ሲገኝ ከፋዩ ይተካዋል፤ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ ያመዋል፤ በዚያው ያበቃል። ትርፍ ግን የከፋ ነው። ትርፍ ማለት አንድ ሰው ያልደረሰው ገንዘብ ነው። ብሩ በትርፍነት ተመዘገበ። ያን ቀን የከፈልኋቸውን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርሁ፤ አንዱም አልመጣልኝም። ዐይኔ ተገልጦ ነበር እንጂ አላየኋቸውም።

በሦስተኛው ሳምንት እኒያ እናት ተመልሰው መጡ። ገንዘብ ጎደለብኝ ብለው ሊከሱኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን የመጡት ልጃቸውን ሊያጣሩ ነው። «ልጄ፣ እስቲ መዝገቡን እይልኝ» አሉኝ፤ «አሥራ አምስት ሺህ ላክሁ ትለኛለች፤ እኔ የደረሰኝ አሥራ አራት ነው። ዋሸሽኝ ብያት በስልክ ተቀያይመናል። ሂጂና ጠይቂ ብላ አለቀሰች።» መዝገቡን ማየት አላስፈለገኝም። «እናቴ፣ ልጅዎ አልዋሸችም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። አንድ ሺህ ብራቸው ተመለሰ። ነገር ግን በሰው አገር በሰው ቤት ደክማ የላከች ልጅ፣ በገዛ እናቷ ሐሰተኛ ተብላ ያሳለፈቻቸውን ሦስት ሳምንታት የምመልስበት ሒሳብ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። ወዳጄ «በሽታ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አስገብቶታል። ይሁን እንጂ ወዳጄ ስሙን ሰምቶ ትርጉሙን አላነበበም። በምደባው መሠረት ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት፣ ይህም ኑሮውን በብርቱ አውኮ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲዘልቅ ነው ሕመም የሚባለው። እንዲህ ያለው ሰው በእርግጥ አለ፤ ሐኪም ያስፈልገዋል እንጂ ወቀሳ አያስፈልገውም። ነገር ግን ጠይቁት፦ ወዳጄ ይህን የበሽታ ስም የያዘው ሐኪም ዘንድ ሊሄድበት ነውን? አይደለም። ሌሊቱን ሊቀጥልበት ነው። በሽተኛ ነኝ ያለ ሰው መድኃኒት ይፈልጋል፤ መድኃኒት ሳይፈልግ የበሽታውን ስም ብቻ የሚይዝ ሰው የያዘው ሰበብ ነው። የታመመም ሰው ቢሆን «እርዱኝ» ማለት የራሱ ድርሻ ነው፤ ይህን ማንም አይልለትም።

«የሠሩት ሰዎች እንዳንተወው አድርገው ነው የሠሩት» ይላል ደግሞ። ይህም እውነት ነው፤ አልክድም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኖኪያ ስልክ የተጫወትናት እባብ መጨረሻ ነበራት፤ ጅራቷን ከነከሰች አበቃ፤ ስልኩም ወደ ኪስ ይገባል። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ጌሞች መጨረሻ የላቸውም። በየቀኑ ለገባ ስጦታ ይሰጣሉ፤ አንድ ቀን የቀረ ያጠራቀመውን ያጣል፤ ውስጡ የማይታወቅ ሣጥን በገንዘብ ይሸጣሉ። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ዓይነቱን ሣጥን ከቁማር ቆጥራዋለች፤ ደግ አደረገች። ሠሪዎቹ ተጠያቂ ናቸው። ነገር ግን የእነርሱ ተጠያቂነት የእኔን አይቀንስልኝም። ጠጅ ነጋዴዋ ጠጁን አጣፍጣ መጣሏ ሰካራሙን ከደሙ ንጹሕ አያደርገውም። እኒያ እናት መስኮቴ ፊት ሲቆሙ ከመስታወቱ ወዲህ የተቀመጠው የጌም ፋብሪካ አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ።

«እንግዲያው መንግሥት ይዝጋው፤ ኔትወርኩም ይቆረጥ» የሚሉም አሉ። ይህ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የኢንተርኔት ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች። ልጆቹ በወላጆቻቸው የመታወቂያ ቁጥር መግባት ለመዱ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሕጉ ተሻረ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ለአካለ መጠን ላልደረሱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በሕዝብ በዓላት አንዳንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ለልጆች ሲባል ሕግ መውጣቱን አልጠላም። ግን እኔ ከሠላሳ ዓመት ያለፍሁ፣ ዲግሪ ያለኝ፣ የሰው ገንዘብ በአደራ የተሰጠኝ ሰው ነኝ። የመኝታ ሰዓቴን የሚያውጅልኝ አዋጅ ልጠብቅ?

ኔትወርክ መቆረጡንስ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከብዙው ችግር መካከል አንድ በጎ ነገር አገኘሁ ብዬ ነበር። ከእኒያ እናት በኋላ «ሁለተኛ አልነካውም» ብዬ ምዬ፣ መሐላዬን አፍርሼ፣ ዳግመኛ ምዬ ነበርና፣ አሁንስ ጌሙ ከእኔ ተለየ አልሁ። ሁለት ሳምንት እንደ ሰው ተኛሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ኔትወርክ የማይጠይቅ የኳስ ጌም ከስልኩ ወደ ስልኬ ላከልኝ። ያን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን አገኘሁት። ሰበቤ ሁሉ የተሟጠጠው ያኔ ነው። ጦርነቱም፣ ኢንተርኔቱም፣ የሩቅ አገሩ ፋብሪካም በዚያች ክፍል ውስጥ አልነበሩም። የነበርነው እኔና ጣቴ ነን።

አንድ የቀረ መከራከሪያ አለ፤ እርሱ እንኳ ከአገራችን የተወሰደ ነው። «አባቶቻችንስ ሌሊት ነቅተው አልነበረምን የተማሩት?» ይላሉ። ነበር። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ ያሉት በእኛው በጋይንት ምድር ነው። የቆሎ ተማሪው በሌሊት ዜማ ይቀጽላል፤ ለማሕሌት የቆሙት ንጋትን በጽናጽልና በከበሮ ይቀበላሉ። ቆላ ላይ ያለው ገበሬም ማሽላውን ከአውሬ ለመጠበቅ ማማ ላይ ያድራል። ነገር ግን እነዚህን ሰዎች ጠዋት «ሌሊቱን ምን ሠራህበት?» ብትሏቸው መልስ አላቸው። ሌሊታቸውም ወሰን አለው፤ ማሕሌቱ በቅዳሴ ያበቃል፤ ጥበቃው በአጨዳ ያበቃል። እኔን ግን ያን ጊዜ ጠዋት ብትጠይቁኝ አንገቴን ከመድፋት በቀር መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የአባቶችን ትጋት ለእኛ ዝርክርክነት ጋቢ አናድርገው።

እንቅልፍም ቢሆን የሰነፍ ድርሻ አይደለም። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የዘርፉ ሐኪሞች ይመክራሉ። ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የእጁ ፍጥነት መጠጥ ከቀመሰ ሰው ጋር እንደሚተካከል እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ባንክ ውስጥ አረቄ ሸትቶኝ ብገባ ሥራ አስኪያጁ በበሩ ይመልሰኝ ነበር፤ እንቅልፍ አጥቼ ስገባ ግን «እንደምን አደርህ» ብሎ የገንዘብ ሣጥን ያስረክበኛል። ይህንን አሽከርካሪው፣ አስተማሪው፣ መርፌ የምትወጋው ነርስ ያስቡበት። የማይተኛ ሰው የሚጎዳው ራሱን ብቻ ነው የሚለው ትልቅ ውሸት ነው። እኔ ያልተኛሁት ወገዳ ላይ ነው፤ ያለቀሰችው ልጅ ግን ባሕር ማዶ ነበረች።

ታዲያ ምን አደረግህ ብትሉኝ፣ ያደረግሁት ለወሬ እንኳ የማይበቃ ትንሽ ነገር ነው። በየምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬን ለቤት አከራዬ እናት አስረክባለሁ። ለምን እንደሆነም ነግሬአቸዋለሁ፤ መንገሩ ከማስረከቡ የከበደ ነበር። እርሳቸውም «ልጄ፣ አንተ አምጣው እንጂ እኔ እጠብቅልሃለሁ» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ በዚህች ቃል ውስጥ አለ። ሰው ሊጠብቅልን ይችላል፤ ማምጣት ግን የእኛ ነው። አንዳንድ ማታ አሁንም እግሬ ወደ በራቸው ይከብደኛል። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ወዳጄ ሆይ፣ «ሌሊታችንን ማን ሰረቀው?» ብለህ ሌባ አትፈልግ። ያልተሰረቀን ዕቃ ሌባ አይመልሰውም። ሌሊቱን በእጃችን ሰጥተናል፤ ደግነቱ በእጃችን የሰጠነውን በእጃችን ማስቀረት እንችላለን። ደብተሬ ከአልጋ ሥር ወጥቷል፤ አቧራውን አራግፌ የጻፍሁበትን የመጀመሪያ ነገር እነሆ።

ማማ ላይ ያደረ እህሉን አዳነ፤
ለማሕሌት የቆመም ዜማው ተከወነ፤
እኔ ብቻ ነቅቼ ሌሊቱን ስገፋ፣
የድል ቁጥር በዝቶ ንጋቴ ግን ጠፋ።
ሰበብ ስደረድር ሌሊቱ አይነጋም፤
እጄ የከፈተውን ሌላ እጅ አይዘጋም።

ቸር እንሰንብት፤ በጊዜም እንተኛ።