የሚጥል በሽታና የኤሌክትሪክ ሕክምና፦ ተስፋው እውነት ነው፤ ተራው ግን የት ነው?

«በአንጎል ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ የሚጥል በሽታን ፈወሰ» የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል። ዜናው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ውሎ፣ ማምሻውን ደሴ ወይም ሆሳዕና ታማሚ ልጅ ካለው ቤተሰብ ዘንድ ይደርሳል። ቤተሰቡም በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ለሚኖር ዘመዱ ደውሎ «እስቲ ይህን ነገር አጣራልን፤ ዋጋውስ ስንት ነው?» ይላል። ዘመድም ገንዘብ ለማሰባሰብ ይነሣል። የቤተሰቡ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መሣሪያውም ተረት አይደለም። ይሁን እንጂ «ፈወሰ» የሚለውን ቃል ሕክምናውን የሚያውቁ ሐኪሞች አይጠቀሙበትም። ከዚህም በላይ ዜናውን በተስፋ ከሚያዳምጡት ብዙዎቹ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ።

አንጎል ሥራውን የሚያከናውነው በኤሌክትሪክ ነው። በቢሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት በየራሳቸው ጊዜ ጥቃቅን ምልክቶችን ይለዋወጣሉ። የሚጥል በሽታ የሚነሣው ከእነዚህ ሕዋሳት ብዙዎቹ በአንድነት ከልክ ያለፈ ምልክት ሲለቁ ነው። ሕመሙ ሁልጊዜ በመውደቅና በመንፈራገጥ አይገለጥም፤ ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዝዞ መቅረት ወይም የአንድ እጅ ብቻ መንቀጥቀጥ የዚሁ ሕመም መልክ ሊሆን ይችላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1929 ካሳተመ በኋላ በመጡት ዓመታት፣ ይህ መዛባት በወረቀት ላይ የሚታይ ነገር ሆነ። በኤሌክትሪክ መዛባት የሚነሣ ሕመም በኤሌክትሪክ ሊገታ ይችል ይሆን ብሎ መጠየቅም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት መንገዶች የቆየው በአንገት በኩል የሚያልፈውን ቬገስ የተባለ ነርቭ ማነቃቃት ነው። የልብ ምት ማስተካከያን የሚመስል ትንሽ መሣሪያ በግራ ደረት ቆዳ ሥር ይቀመጣል። ከመሣሪያው የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በግራ አንገት ላይ በነርቩ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ መሣሪያውም ቀንና ሌሊት በተወሰነ ጊዜ ልዩነት መጠነኛ ምት ይሰጣል። ታማሚው ሕመሙ ሊነሣበት ሲል ከተሰማው፣ ማግኔት በደረቱ ላይ አሳልፎ ተጨማሪ ምት ማስነሣት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ሕክምና የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሁለተኛው መንገድ በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ ታላመስ በተባለው ሥፍራ፣ ሽቦ ማስገባት ነው፤ በአውሮፓ በ2010፣ በአሜሪካ በ2018 ተፈቅዷል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይልቅ ያስደንቃል። ከራስ ቅል አጥንት ትንሽ ቁራጭ ተነሥቶ በምትኩ መሣሪያው ይገጠማል፤ ሽቦዎቹም ሕመሙ ከሚነሣበት ሥፍራ ላይ ያርፋሉ። ይህ መሣሪያ ዝም ብሎ ምት አይልክም፤ ያዳምጣል። የአንጎሉን ሞገድ ያለማቋረጥ ይከታተልና፣ ሐኪሙ የዚያ ሰው ሕመም መነሻ ነው ብሎ የመረጠው ምልክት ሲታይ ብቻ ምቱን ይለቃል። የእያንዳንዱ ታማሚ ምልክት ስለሚለያይ ሐኪሙ መዝገቡን ለወራት እያነበበ መሣሪያውን ያስተካክላል። በአሜሪካ በ2013 የተፈቀደው ለአዋቂዎች፣ ያውም ሕመማቸው ከአንድ ወይም ከሁለት ሥፍራ ለሚነሣ ነው። ከእነዚህ መዝገቦች የተገኘ አንድ ቁም ነገር አለ፦ በብዙ ታማሚዎች ሕመሙ የሚነሣው በዘፈቀደ ሳይሆን በቀናትና በሳምንታት ዑደት ነው። «በወር በወሩ ይነሣበታል» ይሉ የነበሩ እናቶች እንዲያው አልተናገሩም ማለት ነው።

ታዲያ ውጤቱ ምን ያህል ነው? የታላመሱ ሕክምና በ110 ታማሚዎች ላይ ሲፈተን ሽቦው ለሁሉም ገባ፤ ኤሌክትሪኩ ግን ለግማሾቹ ብቻ ተከፈተ። በመጨረሻው የሙከራ ወቅት ሕመሙ የሚነሣበት ጊዜ ብዛት ለተከፈተላቸው በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ላልተከፈተላቸውም በ15 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቅነሳው 56 በመቶ ደረሰ። በራስ ቅል ውስጥ የሚገጠመው መሣሪያ በዘጠኝ ዓመት ክትትል 75 በመቶ ቅነሳ ታይቶበታል፤ ይህም ከታማሚዎቹ የመካከለኛው ውጤት ነው። ሕመሟ በወር ሃያ ጊዜ ይነሣባት ለነበረች ሴት ወደ አምስት መውረድ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን መድኃኒቷን አትተውም፤ ብቻዋን መዋኘትም መኪና መንዳትም ገና አይፈቀድላትም። ከሕመሙ ፈጽመው የሚያርፉት ጥቂቶች ናቸው።

ኤሌክትሪኩ ሳይከፈት የታየው የ15 በመቶ ቅነሳ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ1970ዎቹ የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ኧርቪንግ ኩፐር ከኋለኛው የአንጎል ክፍል፣ ከሴሬቤለም፣ ላይ ኤሌክትሮድ በማኖር የሚጥል በሽታን ማስታገሱን በልበ ሙሉነት ተናግሮ ነበር። ብዙ ሰው ተከተለው። ታማሚው መሣሪያው መከፈት አለመከፈቱን በማያውቅበት ሁኔታ ሲፈተን ግን በነዚያ አነስተኛ ጥናቶች የተባለው ጥቅም ሊረጋገጥ አልቻለም። ተስፋ ራሱ ለጊዜው ሕመም ያስታግሳል፤ ያለ ማነጻጸሪያ የተነገረን የሕክምና ዜና በጥርጣሬ ማየት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ወደ ተራው እንምጣ ቢባል፣ ኤሌክትሪክ በቅደም ተከተሉ ሦስተኛ ነው። አንደኛው መድኃኒት ነው። በግላስጎው ቀደም ሲል ሕክምና ያልጀመሩ 470 ታማሚዎች ተከታትለው በ2000 በታተመው ጥናት፣ 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት ከሕመሙ አርፈዋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ያረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። በአግባቡ የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች ካልሠሩ፣ አራተኛና አምስተኛ እየቀያየሩ ዓመታት መፍጀት ዕድሜ ማባከን ነው። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። በካናዳ ሕመማቸው ከጆሮ ግንድ በኩል ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሣ 80 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ሲታከሙ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት ጥቃት ያረፉት ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት 8 በመቶ ነበሩ። የዚህን ያህል የሚያሳርፍ የኤሌክትሪክ መሣሪያ እስከ ዛሬ የለም። መሣሪያው የሚታሰበው ቀዶ ሕክምና ለማይሆንላቸው ወይም ለማይፈልጉት ነው።

እዚህ ላይ በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ይመጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕመሙ በሁለት መድኃኒት ያልተገታለት ሰው ወደ ልዩ የሚጥል በሽታ ማዕከል እንዲላክ መጠየቅ ይችላል። ለመጠየቅ ግን ሕመሙን መናገር ያስፈልጋል። በምራቅ ይተላለፋል፣ የእርኩስ መንፈስ ሥራ ነው የሚለው እምነት ባሕር ማዶም አብሮ ተሻግሯል። ልጃገረዷ ከትዳር ገበያ እንዳትወጣ፣ አባወራው የታክሲ ሥራው እንዳይቀርበት፣ በዓረብ አገር ያለችው ሠራተኛ እንዳትባረር ሲባል ዝም ይባላል። ሐኪም ቤት የተኬደ እንደሆነም «አሁንስ ተሽሎሃል?» ለሚለው ጥያቄ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይወጣል። ሐኪሙም ምስጋናውን እንደ መልስ ይመዘግበዋል፤ ቀጠሮውም በዚያው መድኃኒት ይታደሳል። በወሩ ውስጥ ሕመሙ የተነሣበትን ቀን ሁሉ በማስታወሻ ይዞ መቅረብ፣ ከተቻለም በስልክ የተቀረጸ ምስል ማሳየት፣ ከዚህ ምስጋና ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

በሀገር ቤት ያለው ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ በ1990 የታተመው ጥናት ከአንድ ሺህ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም በዘመናዊ መድኃኒት የታከሙት ከመቶ ሁለት እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ወደ ጤና ጣቢያዎች የማድረስ ሥራ ተሠርቷል፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ከታማሚዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተገቢውን ሕክምና እንደማያገኙ ይገልጻል። ይኸው ድርጅት ለአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት እስከ 5 ዶላር በወረደ ዋጋ ሊገኝ እንደሚችል ያስረዳል። በተነሣበት ሰው አፍንጫ ሥር ክብሪት የሚጫረው መድኃኒቱ ስለማይታወቅ ብቻ አይደለም፤ ጤና ጣቢያው ሲያልቅበት ለወራት ስለሚቋረጥም ነው። ድንገተኛ መቋረጥ ደግሞ ሕመሙን አብሶ ይመልሰዋል። ጸበል የሚጠመቀውንም ጸበሉን ተው ማለት አያስፈልግም፤ ክኒኑን ሳያቋርጥ ይጠመቅ ማለት ይበቃል።

ለመሣሪያው ገንዘብ የሚያሰባስበው ዘመድ ሊያስብበት የሚገባው ይህን ነው። መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ የሚያስተካክለው ሐኪምና የማስተካከያ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል፤ ኤም.አር.አይ. ለመነሣት እንኳ የመሣሪያው ዓይነት አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህ ሁሉ በሌለበት ከተማ የሚኖር ልጅ ደረት ውስጥ የተቀበረ መሣሪያ፣ ባትሪው ባለቀ ማግስት ተራ ብረት ይሆናል። ስለዚህ ከደሴ ስልክ ሲደወል ዘመድ ከዋጋው በፊት የሚጠይቀው ይኖረዋል፦ ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ስሙ ማን ነው? በቀን ስንት ሚሊግራም? ባለፈው ዓመት ስንት ወር ተቋረጠበት?